ደመወዝ የማይጠይቁት ሻጭ

ያ ሰው ዛሬ ሲቲስኬፕ በሚባለው አዲስ ሰፈር ውስጥ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው ቤት አለው። ሠርግ ሲጠራ ከፊት ይቀመጣል፤ ማይክራፎን ከጨበጠ ደግሞ አይለቅም። ሲናገርም ከአገር ለመጣ ሁሉ ሥራ ይሰጥ እንደነበር፣ ሠራተኞቹን እንደ ቤተሰብ ይይዝ እንደነበር ሳያነሳ አይቀመጥም። እኔም ከኋላ ጠረጴዛ ሆኜ አጨበጭብለታለሁ። ስንት ዓመት አጨበጨብኩለት! አሁን እጄን ቁርጥማት ይዞኛል። ማጨብጨብ ያመኛል፤ መጻፍ ግን ምንም አይለኝም።

ስሙን አልጽፍም። የማልጽፈው ፈርቼው ሳይሆን ስሙን በነጻ ማስተዋወቅ ስለማልፈልግ ነው። ስለ ራሴም ብዙ አትጠብቁ። ከአገር ለምን እንደወጣሁ፣ ከማን ጋር እንደኖርኩና ከማን ጋር እንደተለያየሁ የራሴ ጉዳይ ነው። የምጽፈው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ እዚህ ካልጋሪ፣ ዶቨር ሰፈር፣ ኮንቪኒየንስ በሚሉት ዓይነት ትንሽ ሱቅ ስሠራ ስለሆነው ነገር ነው። በተለይ ስለ አንድ ሰመር፣ ስለ አንድ የፈረንጅ በጋ። ያንን ሰመር ሳስበው እስከ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠውም ሰው ተነስቶ ቦታ ይቀይራል።

ሱቁ የዚያ ሰው ነበር፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት። ወተት፣ ዳቦ፣ ሲጋራ፣ ጋዜጣ፣ ተፍቆ የሚታይ ሎተሪ፣ የሚከራይ የቪዲዮ ካሴት። ስቀጠር ሁለት ሠራተኞች ነበርን። እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ በኋላ አንዲት ፊሊፒናዊት፤ መዝጋቱን እሱ ራሱ ይዘጋል። ደመወዜ በሰዓት አምስት ዶላር ነው። ሕጉ ከዚያ በታች እንዲከፍል አይፈቅድም፤ ስለዚህ አምስቱን ዶላር የማመሰግነው ሕጉን ነው። ገና ሲቀጥረኝ ግን እንዲህ ብሎኛል፤ «ስድስት ወር ይሥሩልኝ እንጂ እትዬ፣ ሃምሳ ሳንቲም እጨምርልዎታለሁ።»

በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። ስለዚህ እሱ «እትዬ» እያለ በአንቱታ ያናግረኛል፤ እኔ «አንተ» እለዋለሁ። ስገባ ከወንበሩ ይነሳል። ካፖርቴን ተቀብሎ ይሰቅልልኛል። በረዶ ሲሆን እንዳልንሸራተት ክንዴን ይዞ እስከ ማቆሚያው ያሻግረኛል። የአምስት ዶላር ሠራተኛ እንደኔ የተከበረች በከተማው ውስጥ አልነበረችም። ስድስት ወር ሞላ። አንድ ዓመት ሞላ። ሁለት ሞላ። ክብሩ አንድ ቀን አልተጓደለም፤ ሃምሳ ሳንቲሙም አንድ ቀን አልመጣም።

በጠየቅኩት ቁጥር መልሱ አንዲት ቃል ሆነች። ሒሳብ ከሚሠራለት ሰው ዘንድ ተምሯት የመጣ፣ ለሠራተኛ የሚወጣ ገንዘብ ማለት የሆነች ቃል ናት።

«እትዬ፣ ሌበሩ እኮ ነው።»

«ሌበሩ ምን ሆነ?»

«ከሽያጩ ጋር ሲታይ ከፍ ብሏል። ባለሙያው ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ሽያጩን ከፍ አድርገው።»

«ይቀልዳሉ እትዬ!» ይልና ካፖርቴን ይሰቅላል።

እየቀለድኩ አልነበረም። የዋጋ መለጠፊያዋ ማሽን እኔ እጅ ነው ያለችው። ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ በየጊዜው አዲስ ዋጋ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ወተቱ ጨመረ። ሲጋራው ጨመረ፤ ደግሞ ጨመረ። የአውቶቡስ ቲኬት ጨመረ። የሁለት ዶላሯ ወረቀት ቀርታ በሳንቲም ተተካች። በሱቁ ውስጥ በመጣሁበት ዋጋ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ከንዴት ብዛት አንዷን ቁራጭ ወረቀት «5.50» ብዬ ግንባሬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩት። አይቶ በጣም ሳቀ። «እትዬ ጨዋታ ያውቃሉ!» አለና ለሚስቱ ሊነግር ሄደ። ጨዋታ ሆና ቀረች።

ቀጥሎ ፊሊፒናዊቷን አሰናበታት፤ ሌበር ነዋ። የእሷን ሰዓት ሚስቱና እሱ ተካፈሉት። እኔ ያኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ ዝም አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሎተሪ ልትገዛ መጣችና ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደገባች፣ ስድስት ዶላር ተኩል እንደሚከፍሏት እየሳቀች ነገረችኝ። ተናደድኩባት። ምን አድርጋኝ? ምንም። ሎተሪውም ወጣላት፤ አሥር ዶላር።

አሁን ሃምሳ ሳንቲሟን ለምን እንደፈለግኳት ልናገር፤ ያለዚያ ስግብግብ ናት ትላላችሁ።

የምኖረው ከሱቁ በአውቶቡስ አራት ማቆሚያ ርቆ፣ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ ነበር። መስኮቴ ከጣሪያው ሥር የተሰነቀረች የጫማ ሳጥን የምታክል ነበረች። በእሷ በኩል ከዓለም የሚታየኝ የመኪና ጎማ፣ የሰው ቁርጭምጭሚትና የጎረቤት ድመት ሆድ ነው። ኅዳር ላይ በረዶ ይሸፍናትና እስከ መጋቢት ደህና ሁኚ። ከላይ ያለውን ክፍል አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ይኖሩበት ነበር። አንድ ቀን ፖስታ ላደርስላቸው ወጣሁና መስኮታቸውን አየሁት። ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። መሃል ከተማው፣ ከጀርባው ደግሞ ተራሮቹ በሙሉ ከነበረዷቸው ተደርድረዋል። ፖስታውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ ሻይ የፈለግኩ መስሏቸው ውኃ ጣዱ።

በዚያ ዓመት ሰኔ አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ሆነ። የቤቱ ባለቤት ክፍሉን ለእኔ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ፤ ግን ከቤዝመንቱ በወር ሰማንያ ዶላር ይበልጣል። እስከ ጁላይ መጨረሻ ካልወሰድኩት ለሌላ ያከራየዋል። ሰማንያ ዶላር! በሳምንት አርባ ሰዓት እሠራለሁ፤ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨመርበት በሳምንት ሃያ፣ በወር ሰማንያ። ቁጥሩ እንዲህ ልክ ሲገጥምልኝ ቤዝመንቱ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ያኔ እጄ ጤነኛ ነበር።

በማግስቱ ሱቅ የገባሁት ልጠይቀው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ። ፊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

«እትዬ፣ አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ስድስት ወር ይቀመጣሉ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለህ።»

«ቀን ቀን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ከሚሰለቹ እዚህ ሱቅ ቢውሉ ይሻላል ብዬ ነው። እርስዎ አንድ ሳምንት ያሳዩዋቸውና፣ ከዚያ ሰዓትዎን እናስተካክላለን።»

ማስተካከል ያለው አርባውን ሰዓት ሃያ ማድረግ ነው። እኔ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ፤ ጠዋቱን በሙሉ አጎትየው።

«ደመወዝስ? ለሳቸው ትከፍላለህ?»

«ኧረ እትዬ! አጎቴ እኮ ናቸው! ደግሞም ለጉብኝት የመጣ ሰው በዚህ አገር መቀጠር አይፈቀድለትም። ማገዝ ነው እንጂ ሥራ አይደለም።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው፣ «ሌበር ዜሮ» አለ።

መስኮቴ ዓይኔ እያየ ሄደ።

አጎትየው መጡ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሲገቡ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ረጅም ናቸው፤ ሱፍ ልብስ፣ ክራቫት፣ ከደረት ኪስ የወጣ ብዕር። ሁላችንም «ጋሼ» አልናቸው። ልጠላቸው ወስኜ ነበር፤ ያኔ እቅድ ነበረኝ። ግን ገንዘብ መቀበያውን ማሽን በግማሽ ቀን ተማሩት። ቀጥለው የሲጋራውን መደርደሪያ በፊደል ተራ አስተካከሉት፤ እኔ በሦስት ዓመት ያላሰብኩት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጥላት ሥራ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴ ተቀንሷል።

ችግሩ ጋሼ ሰው እንዲታዘዛቸው እንጂ እንዲያዛቸው የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። በሁለተኛው ቀን በሱቁ ውስጥ ሰልፍ አስጀመሩ። ሁለት ሰው ብቻ ሲኖር እንኳ «ላይን! ላይን!» እያሉ ያሰልፋሉ፤ ሽማግሌ ከመጣ ወደ ፊት ያሳልፋሉ። ሲጋራ ልትገዛ የመጣች ልጅ እግር ሴት ካለች መጀመሪያ ሳንባ ላይ አጭር ትምህርት ትሰማለች። አንድ በቁመቱ በሩን የሚሞላ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በየጠዋቱ ሎተሪ ይፍቃል። አራተኛው ሎተሪ ላይ ሲደርስ ጋሼ መፋቂያ ሳንቲሙን ከእጁ ወሰዱበት።

«ኢናፍ» አሉት። «ጎ ሆም። ዋይፍ።»

ይገላቸዋል ብዬ ወደ ኩለሩ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ሸሸሁ። ሰውየው ግን አንገቱን ደፍቶ «የስ ሰር» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወተት ብቻ እየገዛ ይሄዳል። ሎተሪው ግን ከወተቱ ይልቅ ለሱቁ ያተርፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ራሱን ችሎ የመጣ ነው፤ እኔ የለሁበትም። አሁን ግን ያለሁበትን እጽፋለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዴ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ስለ ጋሼ ተነሳ። እኔም እንዲህ አልኩ፤ «ምን የመሰሉ አባት ከአገር መጥተዋል መሰላችሁ። ቤት ድረስ እንዳትደክሙ፤ ቀን ቀን ዶቨር፣ ሱቁ ውስጥ ናቸው። ከአገር ሰው ጋር መጫወት በጣም ይወዳሉ።» ይኸው ነው። አንዲት ውሸት የላትም። ጌታዬ ምስክሬ ነው፣ አድራሻውንም በትክክል ነው የሰጠሁት።

ያ ሰው ደግሞ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ ነበር፤ በዚያው እሑድ አጎቱን በጉባኤው ፊት አቁሞ አስተዋውቋል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት የሁለቱም ወገን ሰው ዶቨር ተገናኘ።

ከአገር የመጣ ሽማግሌ ካለ ሳይውል ሳያድር «እንኳን ደህና መጡ» መባል አለበት። ይህንን ማንም ያውቃል። እንግዳ የገባበት ሰውም ባዶ አይሸኝም። ይህንንም ማንም ያውቃል። ያ ሰው ሁለቱንም እያወቀ ነው አዲስ የመጡ ሽማግሌን እስከ ጣሪያው ምግብና መጠጥ በተሞላ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣቸው። ጋሼ የተቀመጡት ሱቅ ውስጥ ይመስለው ነበር። እሳቸው ግን የተቀመጡት በእህታቸው ልጅ ቤት ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ስገባ ወንበር ከኋላ ክፍል ወጥቷል። የወተት ሳጥኖች ተገልብጠው መቀመጫ ሆነዋል። ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ። ጋሼ ከኩለሩ ጭማቂ በጭማቂ ላይ እያወጡ ያድላሉ።

«ጠጡ እንጂ! በሞቴ! ልጄ፣ አንቺ ምንም አልያዝሽም፤ ያንን ውሰጂ። የለም፣ ትልቁን!»

«ኧረ ጋሼ፣ ልክፈል!» ትላለች ሴትየዋ ቦርሳዋን እየከፈተች።

«ምን አልሽ?»

«አይ፣ ሱቅ ስለሆነ ብዬ…»

«በእህቴ ልጅ ቤት ገንዘብ ታወጫለሽ? ነውር አይደለም እንዴ?» ቦርሳዋን መልሰው ዘጉላት። እሷም ከኀፍረቷ የተነሳ ሁለተኛ ጭማቂ ተቀበለች።

ጊዜው የሰኔ ጾም ነበር። የእኛዎቹ ወተት የነካውን ብስኩት አይቀምሱም፤ ስለዚህ ቺፕሱንና ኦቾሎኒውን ጠራርገው ጨረሱ። ጴንጤዎቹ የማይጾሙ ስለሆኑ ቸኮሌቱ፣ ኬኩና አይስክሬሙ ለእነሱ ቀረ። ሁለቱ ወገኖች በካልጋሪ ታሪክ እንደዚያ ቀን ተስማምተው አያውቁም፤ አንዱ የሌላውን መደርደሪያ አልነካም። መሃል ላይ አንድ ፈረንጅ ዳቦ ሊገዛ ገባ። ጋሼ «ሲት ዳውን» አሉት። ተቀመጠ። ብስኩት ሰጡት። ከሦስት ቀን በኋላ ሚስቱን ይዞ መጣ።

እኔስ? እኔ ባዶውን መደርደሪያ በጨርቅ አብሳለሁ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ምላሴን እየነከስኩ፣ ጥርስ የታመመ ሰው መስዬ ውያለሁ።

ያ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን አየ። ዓይኑ ከሰው ወደ ጭማቂ፣ ከጭማቂ ወደ መደርደሪያ ይሄዳል። ጋሼ አዩት።

«የት ጠፍተህ ነው? እንግዶች መጥተው! ና፣ ሰላም በል!»

አንድ በአንድ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እየሳመ ዘጠኙንም ሰላም አለ። ምን ይበል? ሳይወልዱት ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ ጭማቂ አትስጡብኝ ይበላቸው? አሥረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ቸኩሎ እኔንም ሳመኝ።

ምሳውም ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ ምሳ ብቻቸውን አይበሉም። ስለዚህ እሱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቤት ምሳ ይዞ መምጣት፣ አብሯቸው ኋላ ክፍል መቀመጥ፣ እስኪጨርሱም መጠበቅ አለበት። የመጣ እንግዳ ካለ እሱም ይበላል። ሐምሌ ሲገባና ከተማው ስታምፒድ በሚለው የከብት ነጂዎች በዓሉ ባርኔጣ ሲያጠልቅ፣ አንድ ደንበኛ ለጋሼ የከብት ነጂ ባርኔጣ አመጣላቸው። ክራቫታቸውን አስረው፣ ያንን ባርኔጣ ደፍተው «ላይን!» ሲሉ ያየ ሰው ሁሉ ለመሳቅ ብቻ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ሱቁ እንደዚያ ሰው ሞልቶበት አያውቅም፤ እንደዚያም ሸጦ አያውቅም ልል አልችልም።

ጁላይ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ያ ሰው በጣቱ ጠራኝና ወደ ኩለሩ ገባ። ኩለሩ ወተትና መጠጥ የሚቀመጥበት፣ ሰው የሚገባበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው። እዚያ ያስገባኝ ጋሼ እንዳይሰሙ ነው። እኔ ወተት ስደረድር የምለብሰው ወፍራም ሹራብ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ለበስኩትና በሩን ዘግቼ እዚያው ቆምኩ። እሱ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ነው የለበሰው።

«እትዬ፣ ያድኑኝ» አለ።

«ከምን?»

«እቃው አለቀ እኮ! ባለሙያው ሲያየው ምን አለ መሰለዎት? ሌባ አለ አለኝ። አጎቴ ናቸው ልበለው?»

«ሌበር ዜሮ ነው አልከኝ እኮ።»

«እትዬ በእግዚአብሔር! እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እርስዎን ይሰማሉ። ቤት ይረፉ ብለው ይንገሩልኝ። እኔ ብናገር ቂም ይሆናል። አገር ላይ ሁሉ አባረረኝ ይላሉ።»

ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። «እነግራለሁ። አርባ ሰዓቴ ይመለስ። ሃምሳ ሳንቲሜም ከዛሬ ጀምሮ ይጨመር።»

«አርባው ይሁን። ሳንቲሙን ግን… ሌበሩ እኮ…»

«ሌበርህ ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለፈረንጅ ብስኩት ያበላል። ሂድና አነጋግረው።»

«ሃያ ሳንቲም፣ እትዬ።» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ቸኩያለሁ እንዴ? እኔ አልበረደኝም።»

«ሠላሳ!»

የወተቱን ጋሎኖች በቀናቸው ማስተካከል ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። አንዱን አንስቼ አነበብኩ። መለስኩት። ሌላውን አነሳሁ።

«አርባ፣ እትዬ! አርባ! ጣቴ ደነዘዘ!»

«ይኼኛው ነገ ነው የሚያልፍበት» አልኩ፣ ጋሎኑን እያሳየሁት።

«ሃምሳ!» ብሎ ጮኸ፤ አፉ እንደ ማንቆርቆሪያ እየተነነ። «ሃምሳ ይሁን! በሩን ይክፈቱልኝ!»

ሦስት ዓመት ሙሉ ካፖርቴን የሰቀለልኝን ሰው በዚያች ደቂቃ ወደድኩት ማለት ይቻላል። ከፈትኩለት።

በማግስቱ ለጋሼ ልነግራቸው ቁጭ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ዕድሜ፣ ድካም፣ የካናዳ አየር። ገና «ጋሼ፣ ጉልበትዎን…» ከማለቴ እጃቸውን አነሱ።

«ላከሽ?»

ዓይኔን ወደ ሲጋራው መደርደሪያ መለስኩ።

«እኔ ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት ልጄ? ተራራ አሳይሃለሁ ብሎኝ ነው። ወር ከምናምን ሆነኝ፤ ያየሁት ሲጋራ ነው። ሠራተኛ አጣሁ፣ ተቸገርኩ ሲለኝ አዝኜለት እንጂ ቁርጭምጭሚቴ እንደዚህ አብጦ እቆም ነበር?» ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። አብጧል። እኔ ስስቅ የከረምኩት በዚያ እግር ላይ ነበር። ሳቄ በአንዴ የት እንደገባ ጠፋኝ።

«ለአንቺስ ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ይኼ በእኔና በእሱ መካከል ነው ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት የመምህራንን ደመወዝ ፈርሜያለሁ። ሳትነግሪኝ አውቀዋለሁ። ቃል ገባልሽ?»

«አዎ።»

«አጽፈሽዋል?»

«አላጻፍኩትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመደርደሪያው አንድ አዲስ ደብተር አነሱ። ከዚያ ከሱሪያቸው ኪስ ገንዘብ አውጥተው፣ ማሽኑን ከፍተው የደብተሩን ዋጋ ከፈሉ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከራሳቸው እጅ ገንዘብ ሲቀበሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘው፣ በዚያ በሚያምር የዳይሬክተር ጽሕፈት ጻፉ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ «ጉዳዩ፦ የደመወዝ ጭማሪን ይመለከታል»። የሥራ ሰዓቴን በሳምንት አርባ፣ ደመወዜን በሰዓት አምስት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም አደረጉና «ከሠላምታ ጋር» ብለው ዘጉ። ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለሠራተኛዋ» የሚል ጨመሩ። ሁለት ሰው ላለበት ሱቅ ግልባጭ!

ያ ሰው ምሳ ይዞ ሲገባ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጉለት።

«ፈርም።»

«ጋሼ፣ በቃል ተስማምተናል እኮ…»

«ጥሩ። ከተስማማህ መፈረም አይከብድህም። ደግሞ ቅዳሜ ሱቁን ዝጋና ባንፍ፣ ተራሮቹ ዘንድ ውሰደኝ።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያው…»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፈረመ።

ባንፍ ሄዱ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ሱቅ ቆመው አልዋሉም፤ አልፎ አልፎ መጥተው መደርደሪያ ፈትሸው፣ ሰልፍ አስይዘው ይሄዱ ነበር። እኔ በዚያው ማታ ለቤቱ ባለቤት ደውዬ ክፍሉን እወስዳለሁ አልኩ። እቃዬ ሁለት ሻንጣና አንድ ፍራሽ ስለሆነ ደረጃውን አራት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ጨረስኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። መጋረጃ ገና አልነበረኝም። ተራሮቹ ከጫፋቸው ጀምረው ቀስ እያሉ ሮዝ ሆኑ፤ ከዚያ ወርቅ፤ ከዚያ ነጭ። የመሃል ከተማው መብራት እየጠፋ፣ ከታች አውቶቡሷ እያዘገመች። የምሳፈራት አውቶቡስ ነች፤ ከላይ ሆኜ ስትሄድ አየኋት፤ እጄንም አውለበለብኩላት። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ሱቅ ገባሁ።

እሱ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ምነው እትዬ? ደህና አደሩ? አመመዎት እንዴ?» ብሎ ካፖርቴን ተቀበለኝ። ገንዘብ መቀበያውን ልከፍት አለፍኩት፤ መስኮቴን ለእሱ የምነግርበት ምክንያት የለም።

ዓርብ ደመወዜን ሰጠኝ። የዘገየሁባትን ሩብ ሰዓት ቆርጧታል። ድሮውንም እንዲህ ነው፤ ደነቀኝ አልልም። ግን የደመወዝ ወረቀቱን የሱቁ መስኮት አጠገብ ይዤ በደንብ አየሁት። የቆረጠብኝ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት አይደለም። አንድ ዶላር ከሠላሳ ስምንት ሳንቲም ነው። በአዲሱ ዋጋ ነው የቆረጠብኝ!

ያንን ወረቀት ይዤ ቀኑን ሙሉ ሳቅኩ። ዳቦ ስሸጥ እስቃለሁ፤ መልስ ስሰጥ እስቃለሁ። የከባድ መኪናው ሹፌር ወተቱን እንደያዘ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። «ሰዓቴ ተወደደች» አልኩት፤ አልገባውም፤ እሱም ግን ሳቀ።